ግራበን፦ የቃሉ ትርጉምና በወሎ መሬት ላይ የሚለይበት መንገድ

በጀርመንኛ ግራበን ጉድባ ወይም ቦይ ማለት ነው፤ «ቆፈረ» ከሚለው ግስ ጋር ዘመድ ነው። የወታደር ምሽግም፣ የግንብ ዙሪያ ቦይም በዚሁ ስም ይጠራል። በቪየና መሃል ያለው ጎዳና «ግራበን» የተባለው ጥንት በቦታው የሮማውያን ሰፈር መከላከያ ቦይ ስለነበረ ነው።

በጂኦሎጂ ትርጉሙ ሌላ ነው፤ የብዙዎች ስህተትም የሚመጣው ከዚህ ነው። የጂኦሎጂው ግራበን ማንም አልቆፈረውም። መሬት ወደ ሁለት አቅጣጫ ሲሳብ ትይዩ ስብራቶች ይፈጠራሉ፣ በመካከላቸው ያለው ክፍል ይሰምጣል። ከጎን ከፍ ብሎ የቀረው ሆርስት ይባላል፤ እሱም ጀርመንኛ ነው፣ የንስር ጎጆ ማለት ነው። ሁለቱን ቃላት በሳይንሱ ዓለም ያሰራጨው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የኦስትሪያ ጂኦሎጂስት ኤድዋርድ ዙስ ነው። በአማርኛ ሲጽፉ «ግራበን»፣ ለብዙ «ግራበኖች» ማለት ይበቃል።

ወሎ ውስጥ ለማየት ጦሳ ተራራ ላይ ይውጡ። ከፊት ለፊት አዝዋ ገደል፣ በመካከል ደሴ፦ ከተማዋ የተቀመጠችው ግራበን ውስጥ ነው። ወደ ኮምቦልቻ ወርደው በሐርቡ በኩል ወደ ከሚሴ ሲያልፉ ደግሞ ሰፊውን የቦርከና ግራበን ያገኛሉ።

መጀመሪያ ወለሉን ይመልከቱ። ወንዝ የቦረቦረው ሸለቆ ታች ይጠባል፤ ግራበን ግን ከላይ የታጠበ ደለል ስለሚሞላው ሜዳ ይሆናል፣ ውሃውም ይተኛል። የጨፋ ረግረግ የዚህ ውጤት ነው። ቀጥሎ ጠርዞቹን ይከተሉ፤ ቀጥ ብለው ጎን ለጎን ይሄዳሉ እንጂ እንደ ወንዝ አይጠማዘዙም። ወሳኙ ማረጋገጫ ግን ድንጋዩ ነው። አፋፉ ላይ ያለው የባዛልት (ከእሳተ ገሞራ ቅልጥ የጠጠረ ጥቁር ድንጋይ) ንብርብር ታችም፣ ከደለሉ ስር ቢሆን እንኳ፣ ከተገኘ መሬቱ ሰምጧል። ተቦርቡሮ ቢሆን ኖሮ ያ ንብርብር በውሃ ተወስዶ ነበር። የበሽሎ ወንዝ ሸለቆ ጥልቅ ስለሆነ ብቻ ግራበን የሚለው ሰው አለ፤ እሱን የቆረጠው ወንዙ ራሱ ነው። ስብራቱ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ደግሞ ግማሽ ግራበን ይባላል።

ልዩነቱ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ስብራት ባለበት ምድር ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ያፈረሰው በዚሁ በቦርከና ግራበን ደቡባዊ ጫፍ ነው።

ለተማሪ ለማሳየት ሁለት 20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሻካራ ካርቶኖች ጠረጴዛ ላይ ጫፍ ለጫፍ ያገናኙ፤ ካርቶኑ የሚሳብበትን አቅጣጫ ተከትለው ግራና ቀኝ ጣውላ ያቁሙ። በወንፊት የተነፋ ደረቅ አሸዋ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይነስንሱ፣ በላዩ ስስ ዱቄት ይበትኑ፣ 5 ሴንቲ ሜትር እስኪሞላ ይደጋግሙ። ከዚያ አንዱን ካርቶን በጣም በዝግታ 1.5 ሴንቲ ሜትር ይሳቡ። ከመጋጠሚያው በላይ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ቁራጭ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሰምጣል፤ ስፋቱ ከውፍረቱ ብዙም የማይበልጠው ደረቅ አሸዋ በ60 ዲግሪ ገደማ ስለሚሰበር ነው። አሸዋው እርጥብ ከሆነ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል እንጂ አይሰምጥም። ካርቶኑ ለስላሳ ከሆነ ከስር ሾልኮ ይወጣል፣ አሸዋው ባለበት ይቀራል። በድንገት ከጎተቱት ደግሞ ንብርብሩ ይፈርሳል። ውስጡን ለማየት ሰምጦ ካበቃ በኋላ ውሃ እፍ እያሉ ያርጥቡትና በቢላዋ ከላይ እስከ ታች ይቁረጡት፤ ነጩ የዱቄት መስመር ስብራቱ ላይ ተቆርጦ መሃል ላይ ዝቅ ብሎ ይታያል።