በጨቅላ አይጦች ላይ ማደንዘዣ ሲጠና ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሞርፊንና ፌንታኒል ሕመም ከማስታገስ አልፈው በቀዶ ሕክምና ጊዜ የሚያሻቅበውን የጭንቀት ሆርሞን ያበርዳሉ። ሐኪሙ አናንድና ባልደረቦቹ በ1987 (እ.ኤ.አ.) ይህንን በፌንታኒል ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ አሳይተዋል። ከዚያ በፊት ብዙ ጨቅላዎች በቂ ማደንዘዣ ሳያገኙ ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው ነበር። ስለዚህ የጨቅላ አይጦች ጥናት ተሳስቶ ከተነበበ ጦሱ ለሰው ልጅም ይተርፋል።

አንዱ ስህተት የሰውን ዋና የጭንቀት ሆርሞን፣ ኮርቲሶልን፣ መለካት ነው። የአይጥ ዋና የጭንቀት ሆርሞን ኮርቲኮስቴሮን ነው። ከኩላሊቷ በላይ ያለው አድሬናል ዕጢዋ ኮርቲሶል ለመሥራት የሚያስፈልገው ኢንዛይም የለውም። ለሰው የተዘጋጀ መመርመሪያ ቁጥር ቢያወጣም ቁጥሩ የሚፈለገውን አይነግርም።

ከሁሉ የሚከፋው ዕድሜን መዘንጋት ነው። የአይጥ ልጅ ከተወለደ ከ4ኛው እስከ 14ኛው ቀን ገደማ ሆርሞኑ ዝቅ ብሎ ይቆያል። አዋቂ አይጥን የሚያስደነግጥ ነገር እሱን እምብዛም አይነቀንቀውም። እንግዲህ የ7 ቀን ጨቅላ ፌንታኒል ተሰጥቶት ሆርሞኑ ዝቅ ቢል፣ መድኃኒቱ ሠራ ይባላል? ምንም ያልተሰጠው ወንድሙም እኮ ዝቅ ያለ ነው። ሆርሞኑ ዝቅ አለ ማለት ደግሞ አላመመውም ማለት አይደለም። ይኸው ጨቅላ እግሩ ሲወጋ እግሩን ይሰበስባል። ከደም ምርመራው ጎን ይህንንም ማየት ግዴታ ነው ባይ ነኝ።

ያ የሆርሞን ጸጥታ ያለ እናት አይዘልቅም። እናቲቱ ስትልሳቸውና ስታጠባቸው ነው ሆርሞኑ የሚረጋው። ለ24 ሰዓት ከተለዩዋት ዕጢያቸው ለጭንቀት ምላሽ መስጠት ይጀምራል። ማደንዘዣ የተሰጣቸው ለሰዓታት ተለይተው፣ መድኃኒቱን ያላገኙት ማነጻጸሪያዎቹ እናታቸው ሥር ከቆዩ ልዩነቱ የመድኃኒቱ ይሁን የእናት ናፍቆት አይታወቅም። ሁለቱም እኩል መለየት አለባቸው። ማነጻጸሪያዎቹም ቢያንስ የጨው ውኃ መወጋት ይኖርባቸዋል።

ትንፋሽንም አይርሱ። ኦፒዮይድ፣ ማለትም እንደ ሞርፊንና ፌንታኒል ያለ መድኃኒት፣ ትንፋሽን ያዳክማል። ደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲከማችና ኦክስጅን ሲያንስ፣ ይኸው ራሱ የጭንቀት ሆርሞንን ሊያስነሳ ይችላል። ጠጉር ያላወጣ ጨቅላ ደግሞ ሲደነዝዝ ቶሎ ይበርዳል። ማሞቂያና ኦክስጅን ከሌለ የሚለካው መታፈንና ብርድ ነው። በዚያ ላይ ሞርፊን በአዋቂ አይጥ ላይ ለብቻው ሲሰጥ ኮርቲኮስቴሮንን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ በሰው ላይ ግን ኮርቲሶልን ወደ መቀነሱ ያደላል። ከአንዱ ወደ ሌላው ዝም ብሎ መገልበጥ አይሆንም።

ደም አወሳሰዱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የጎጆው ክዳን ሲነሳ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። በተለይ አደግ ባሉት ላይ ከ3 ደቂቃ ገደማ በኋላ የተወሰደ ደም የአያያዙን ድንጋጤ ጭምር ይዞ ይመጣል። አንዱን ሲወስዱ ሌሎቹ ተራ እየጠበቁ ከሆነ፣ የመጨረሻው ጨቅላ ከመጀመሪያው ጋር ሊወዳደር አይችልም። የሌሊት እንስሳ ስለሆኑ የአዋቂዎቹ ሆርሞን ከፍ የሚለው ሲመሽ ነው፤ ጠዋትና ማታ የተወሰደ ደም አይቀላቀልም።

በመጨረሻም፣ ከአንዲት እናት የተወለዱ 8 ጨቅላዎች 8 የተለያዩ ናሙናዎች አይደሉም። ደማቸውም ጡታቸውም አንድ ነው። ከየእናቱ ጥቂት ጥቂት እየወሰዱ በየቡድኑ ማዳረስ፣ ሲሰላም እናትን እንደ አንድ መቁጠር ይሻላል።