ካምፓስ አቋርጠህ ለክለብ ልትፈርም ነው? መጀመሪያ መመለሻህን አስተካክል

ክለብ ደውሎልሃል። ሦስተኛ ዓመት ነህ፣ ሚድ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፣ ደሴ ሆጤ ሜዳ ወይ ኮምቦልቻ ስትጫወት ያየህ ሰው «ነገ ና ፈርም» ብሎሃል። እንቅልፍ የለም። የዶርም ልጆች ከአሁኑ በተጫዋች ስም እየጠሩህ ነው፣ እናትህ ግን ገና አልሰማችም። ሂድም ቅርም ልልህ አይደለም። ኳስ ዕድሜ ያላት ነገር ናት፣ በ21 ዓመትህ የመጣ ጥሪ በ25 ላይመጣ ይችላል፣ እሱን አውቃለሁ። የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ ከሄድክ፣ መመለስ በምትችልበት መንገድ ሂድ። አንቺም እህቴ፣ የሴቶች ሊግ ክለብ ከጠራሽ ያው ነው።

ታናሽ ወንድሜ እንዲሁ ተጠርቶ ሄዷል። ከደሴ ርቆ ኢንጂነሪንግ ይማር ነበር። አንድ ማለዳ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ፤ ሬጅስትራር አልሄደም፣ ለዲፓርትመንቱ አልተናገረም፣ እኛም የሰማነው ከፈረመ በኋላ ነው። በሰባተኛው ወር ቤት ሲመጣ ውሉን አሳየኝ። አንዲት ገጽ ናት። አራት ቦታ ታጥፋ ማጠፊያዋ ላይ ልትበጠስ ደርሳለች። ታች በግራ የሱ ፊርማ አለ፣ በቀኝ «የክለቡ ተወካይ» ይልና ነጠብጣብ ብቻ ነው። ማህተም የለም፣ ፊርማ የለም፣ ቀን የለም። «ዋናው እነሱ ጋ ነው» አለኝ። ያልተከፈለውን የአራት ወር ደሞዝ ሊጠይቅ የያዘው ማስረጃ ያቺ ብቻ ነበረች።

የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ላይ ይሄ ነገር ሥርዓት አለው፣ ለዛ ነው የማነሳው። እዛ ኮሌጅ ሳይጨርሱ ወደ ኤንቢኤ፣ ማለትም ወደ ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ መግባት የተለመደ ነው። ከ2006 ጀምሮ ልጁ 19 ዓመት መሙላት አለበት፣ አሜሪካዊ ከሆነ ደግሞ አብረውት የተማሩት ሃይስኩል ከጨረሱ ቢያንስ አንድ ዓመት ማለፍ አለበት። ከዛ ክለቦች አዳዲስ ልጆችን በተራ ለሚመርጡበት ድራፍት ስሙን ያስገባል። ደስ የሚለው ነገር፣ ስም ማስገባት ማለት ጠቅልሎ መውጣት አይደለም። ክለቦች ጠርተው ይሞክሩታል፣ ስንተኛ ላይ ሊመረጥ እንደሚችል ይሰማል፣ ካልመሰለው እስከ ቀነ ገደቡ ስሙን አውጥቶ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ኤንቢኤ ድራፍቱ 10 ቀን እስኪቀረው ይፈቅዳል፣ የኮሌጅ ስፖርት ማህበሩ ቀን ግን ቀድሞ ያልቃል፣ ስለዚህ መመለስ የሚፈልግ ልጅ የሚቆጥረው የማህበሩን ቀን ነው። ምርጫው ሁለት ዙር ብቻ ነው፣ 30 ክለብ ነው ያለው። አንደኛ ዙር የተመረጠ የመጀመሪያ ሁለት ዓመት ደሞዙ የተረጋገጠ ነው፤ ሁለተኛ ዙር እንዲህ ያለ ዋስትና የለውም።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ ቀነ ገደብ የሚያወጣልህ የለም። ራስህ አውጣ።

እንዴት? ጥሪው ሲመጣ ወዲያው አትፈርም፣ ለሙከራ እሄዳለሁ በል። አርብ ማታ ተነስተህ እሁድ ትመለሳለህ፣ ወይም የሴሚስተር እረፍት ጠብቅ በላቸው። በእውነት የፈለገህ ክለብ አስር ቀን ይታገስሃል። «ዛሬ ካልፈረምክ ሌላ ልጅ አለ» የሚልህ ሰው ብዙ ጊዜ ደላላ ነው፣ የሚቸኩለው ለኮሚሽኑ ነው። ሙከራ ስትሄድ ከአሰልጣኙ ጋር ራስህ አውራ። «በኔ ቦታ ስንት ሰው አለህ? እኔ ስንተኛ ነኝ?» በለው። በቦታህ አራተኛ ተመራጭ ሆነህ ዓመቱን ሙሉ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ልትቀመጥ ከሆነ ዲግሪህን የምትተውለት ነገር አይደለም። ከልምምድ በኋላ ደግሞ ከልጆቹ ጋር ሻይ ጠጣ። ደሞዝ በስንተኛው ቀን ይገባል? የተጎዳ ማን ያሳክመዋል? አምና የወጡት ለምን ወጡ? ከሁሉም በላይ ከክለቡ የለቀቀ አንድ ተጫዋች ፈልገህ ደውል፣ እውነቱ ያለው እሱ ጋ ነው።

ትምህርት ቤቱን በተመለከተ ቀስ ብለህ አንብብ፣ ብዙ ልጅ የሚበላው እዚህ ጋ ነው። ሳታሳውቅ ከቀረህ ፈተና ላይ አልተገኘህም፣ ስለዚህ ኮርሶቹ ኤፍ ወይም ኤንጂ (ውጤት የሌለው) ሆነው ይመዘገባሉ፣ ስምህም ጠፍቶ የቀረ ተብሎ ይያዛል። ዊዝድሮው (ትምህርት ለጊዜው ማቋረጫ ቅጽ) ከሞላህ ግን የትምህርት ማስረጃህ ንጹህ ሆኖ ይቆያል፣ ሪአድሚሽን (ተመልሶ መግባት) ስትጠይቅም የምታሳየው ወረቀት አለህ። ልዩነቱ አንድ ቀን መመላለስ ነው። መጀመሪያ ሬጅስትራር ሄደህ ሌጅስሌሽኑ፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው ደንብ፣ ስለ ዊዝድሮው ምን እንደሚል ጠይቅ፤ በሴሚስተሩ እስከ ስንተኛው ሳምንት ይፈቀዳል? ከስንት ጊዜ በኋላ ካልተመለስኩ መብቴ ይቀራል? ዩኒቨርሲቲው ሁሉ የራሱ ደንብ ስላለው ጓደኛህ ሌላ ግቢ የሰማውን ይዘህ አትሂድ። ቅጹን ሞልተህ የዲፓርትመንት ኃላፊህን አስፈርም። ዶርም፣ ላይብረሪ፣ ካፌ፣ ክሊራንሱን (ዕዳ የለበትም የሚለውን ወረቀት) ጨርስ። ኮስት ሼሪንግ (የትምህርት ወጪ መጋራት) ፈርመሃልና እስካሁን ስንት እንደደረሰ በወረቀት ይስጡህ። ግሬድ ሪፖርትህን ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ አውጣ። የሁሉንም ኮፒ ያዝ፣ በስልክ ፎቶ አንሳ፣ ዋናው እናትህ ሳጥን ውስጥ ይግባ።

የሚቻል ከሆነ የያዝከውን ሴሚስተር ጨርሰህ ውጣ። ስምንት ሳምንት የተማርከውን መጣል ያሳዝናል። ደግሞ ደሴ እየተማርክ ኮምቦልቻ ላለ ቡድን ወይም በተቃራኒው መጫወት ይቻል እንደሆነ አስብበት፤ በሐረጎ በኩል አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፣ ገንዘቡ ቢያንስም ሁለቱን ይዘህ ትቆያለህ። ርቀህ ከሄድክ ደግሞ የርቀት ወይም የማታ ትምህርት መጠየቅ አይከፋም።

ወደ ውሉ እንምጣ። ያለ ማህተም አትነሳ። ሁለታችሁም የፈረማችሁበት አንድ ኮፒ እጅህ ሳይገባ ከቢሮው አትውጣ፣ «ነገ እንልክልሃለን» አይሠራም። የፊርማ ገንዘብ ስንት ነው፣ መቼ ይከፈላል፣ በአንዴ ነው በክፍያ? ደሞዙ የተጣራ ነው ወይስ ግብር ያልተቆረጠለት? ይሄን ብዙ ልጅ አይጠይቅም፣ የኢትዮጵያ የደመወዝ ግብር የመጨረሻው እርከን 35 በመቶ ስለሆነ ስልክ ላይ የተነገረህና ባንክ የሚገባው ገንዘብ በጣም ሊራራቅ ይችላል። ቤት፣ ምግብ፣ ሕክምና በማን ነው? ጉልበትህ ተጎድቶ ስድስት ወር ብትተኛ ደሞዝ ይቀጥላል? ይጻፍ። በቃል የተባለ ሁሉ ይጻፍ።

የፊፋን ደንብም ትንሽ እወቅ። የተጫዋች ውል ከ5 ዓመት በላይ አይሆንም፣ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ደግሞ ከ3 ዓመት አይበልጥም። ክለቡ «ውሉ የሚጸናው ሕክምና ካለፍክ ነው» ሊልህ አይችልም፣ መመርመር ከፈለገ ከመፈረሙ በፊት ይመርምር። ያለ አግባብ 2 ወር ደሞዝ ካልተከፈለህ በጽሁፍ አሳውቀህ 15 ቀን ትሰጣለህ፣ ካልከፈሉ ውሉን ማፍረስ ትችላለህ ይላል። ይቺ የመጨረሻዋ እዛው ውልህ ውስጥ ቃል በቃል እንድትገባ ጠይቅ፣ በኋላ የሀገር ቤት ደንብ ምን ይላል ብለህ ከመሟገት ያድንሃል። ከፈረምክ በኋላ ውሉ ፌዴሬሽን መመዝገቡን አረጋግጥ። ቃሉ ከከበደህ የሕግ ትምህርት የሚማር ጓደኛ አይጠፋም፣ አስነብበው።

ቤተሰብ። ከመፈረምህ በፊት ንገራቸው፣ በተለይ እናትህን። ቡና ሲፈላ ተቀመጥ፣ አቦሉ ላይ አትጀምር፣ ቶናው ሲደርስ ወረቀቱን አውጣና አሳያቸው። ባዶ እጅህን «ኳስ ልጫወት ነው» ስትላቸውና «ዊዝድሮው ሞልቻለሁ፣ ይኸው፣ መመለስ እችላለሁ» ስትላቸው የሚሰሙት ሌላ ነገር ነው። አባትህ ዝም ቢል አጎትህን ወይም የሰፈሩን ትልቅ ሰው አስገባ። ተመርቀህ፣ ዱዓ ተደርጎልህ መሄድና ተደብቀህ መሄድ ሜዳ ላይ ራሱ ይለያል። ወንድሜ ያን ሰባት ወር ከእናታችን ስልክ ሲደወል ሆዱ ይረበሽ እንደነበር ነግሮኛል።

መመለስ ውርደት የሚመስለው ሰው አለ። የኤንቢኤ ኮከቦቹን እይ። ማይክል ጆርዳን በ1984 ኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲን ሳይጨርስ ወጣ፣ በ1986 ጂኦግራፊ ተመርቋል። ሻኪል ኦኒል በ1992 ወጥቶ በ2000 ተመልሶ ዲግሪውን ወሰደ። ስቴፈን ከሪ ዴቪድሰን ኮሌጅን የለቀቀው በ2009 ነው፣ የጨረሰው በ2022፣ ያኔ ገንዘብም ዝናም ሞልቶት። እነሱ የቀራቸው ትንሽ ኮርስ ነበር፣ በሩም ክፍት ነበር።

ስለዚህ ስትሄድ ስልክህ ላይ ማስታወሻ ሙላ። ሪአድሚሽን የሚጠየቀው ሴሚስተር ሳይጀመር ቀድሞ ነውና ቀኑን ከሬጅስትራር ጠይቀህ ከሁለት ሳምንት በፊት እንዲጮህ አድርገው። በየዓመቱ። የማትመለስ ቢመስልህም ይጩህ።

ወንድሜ ዊዝድሮው ስላልሞላ ደብዳቤ ሲጽፍ፣ ሲመላለስ፣ ሲለምን ሁለት ዓመት ሄደበት። ዘንድሮ ገብቷል። ከሱ ሦስት ዓመት ከሚያንሱ ልጆች ጋር ነው የሚማረው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለግቢው ቡድን ይጫወታል። ያቺን አንድ ገጽ ውል ፕላስተር ለጥፎባት ደብተሩ ውስጥ አስቀምጧታል። ባለፈው የዶርሙ ልጅ ክለብ ሲጠራው መጀመሪያ ያሳየው እሷን ነው፣ ከዛ እጁን ይዞ ሬጅስትራር ወሰደው።