ያረጀ ሱፐርማርኬት ሲታደስ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በከተማ ዳርቻ ለአሥርት ዓመታት ያገለገለ ሱፐርማርኬት ሲታደስ አብዛኛውን ጊዜ ቅድሚያ የሚሰጠው ለግድግዳው ቀለም ነው። ደንበኛን የሚያስቸግረው ግን ብዙ ጊዜ ከቀለሙ ይልቅ ሌላ ነገር ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት የሸቀጦቹን ቦታ በአንድ ጊዜ መለዋወጥ ነው። ነጋዴው ክላረንስ ሳንደርስ በ1916 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ሜምፊስ ከተማ ፒግሊ ዊግሊ የተባለውን ሱቅ ከፍቶ ደንበኛው ራሱ ከመደርደሪያ እንዲያነሳ ከማድረጉ በፊት፣ ዕቃው የት እንዳለ ማወቅ የሻጩ ሥራ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ይህ ዕውቀት ወደ ደንበኛው ተሻግሯል። ለዓመታት የተመላለሱ አረጋውያንና የማየት ችግር ያለባቸው ሰዎች የሚገበያዩት በዚሁ ዕውቀት ስለሆነ፣ ሁሉን ነገር በአንድ ሌሊት ማዛወር እነርሱን እንደ አዲስ እንግዳ ያደርጋቸዋል። ለውጡ ክፍል በክፍል ቢካሄድ ይሻላል። ወተት በስተኋላ የሚቀመጠውም ደንበኛውን በሱቁ ውስጥ ለማዞር ብቻ አይደለም፤ ቀዝቃዛው መጋዘን በብዙ ሱቆች እዚያው ከጀርባ በመሆኑ ሠራተኞች ሳይጉላሉ እንዲሞሉት ጭምር ነው።

ሁለተኛው ስህተት መብራቱን ሳይለውጡ ቀለም መምረጥ ነው። በአሮጌ ፍሎረሰንት ሥር የተመረጠ ቀለም በአዲስ ኤልኢዲ ሥር ሌላ ሆኖ ይታያል። ኤልኢዲ ሲገዛም የቀለም አሳያየት መለኪያው (CRI፤ ብርሃኑ የዕቃውን ቀለም ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚገልጸው፣ ጣሪያው 100 የሆነ ቁጥር) ከ90 በላይ የሆነውን መምረጥ በተለይ ለሥጋና ለአትክልት ክፍል ተገቢ ነው፤ ቀለምን በትክክል በማያሳይ ብርሃን ሥር ትኩሱም ሥጋ የሰነበተ ይመስላልና። የሚነሱት የፍሎረሰንት ቱቦዎች ሜርኩሪ ስላለባቸው ከተራ ቆሻሻ ጋር አይጣሉም።

ሦስተኛው ጤናን የሚነካ ነው። እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ከተነጠፉት የቪኒል ንጣፎችና ከሥራቸው ካለው ጥቁር ማጣበቂያ ብዙዎቹ አስቤስቶስ የተባለ ቃጫማ ማዕድን አለባቸው። ንጣፉ እስካልተሰበረ ድረስ አደጋው አነስተኛ ነው፤ ሳይመረመር ሲፈነቀል ወይም ሲፋቅ ግን ሳንባን የሚጎዳው ብናኝ ይነሣል። ስለዚህ ናሙናው በላቦራቶሪ ሳይታይ መዶሻ መነሣት የለበትም።

አሮጌ የሆነውን ሁሉ እንደ ተበላሸ መቁጠርም ስህተት ነው፤ በእኔ እምነት ሲወለወል የሚያበራን የቴራዞ (የእብነ በረድ ስብርባሪ በሲሚንቶ ተያይዞ የተሠራ) ወለል ነቅሎ ርካሽ ንጣፍ መተካት ማደስ ሊባል አይገባውም። የተሰነጠቀ መደርደሪያ፣ ጎማው የሚንቀጫቀጭ ጋሪና የጎማ ማሸጊያው የላላ የማቀዝቀዣ በር ግን ሳይዘገይ መለወጥ አለባቸው።

በመጨረሻም፣ ከእድሳቱ በኋላ በመተላለፊያው መካከል የማስታወቂያ ዕቃ መከመር ይቅር፤ ተሽከርካሪ ወንበር ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ነጻ ስፋት ይፈልጋል፣ ሁለት ጋሪዎች እንዲተላለፉ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ያስፈልጋል።