«አሁን_የምር_የመጨረሻ» ከሚባል ፋይል እንዴት ተገላገልን

የሩብ ዓመት ሪፖርት የምናዘጋጀው ለአምስት ነው። ፋይሉ በኢሜይል ይዞራል። ሁሉም ያወርዳል፣ ያርማል፣ መልሶ ይልካል። በሳምንቱ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ2»፣ «አሁን_የምር_የመጨረሻ» የሚሉ ፋይሎች ተከመሩ። ለአለቃችን የሄደው የቱ ቢሆን ጥሩ ነው? የበጀት ሠንጠረዡ ያልታረመው! (የላክሁት እኔው ነኝ።)

መጀመሪያ የመዘናጋት ጉዳይ መስሎኝ ነበር። ለካ ኢሜይል ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን ቅጂ ነው የሚያድለው። አንዱ ያረመውን ሌላው አያየውም። «ለሁሉም መልስ» የሚለውን መጫን የረሳ ካለማ አለቀ። ፎቶ ሲጨመር ደግሞ የጂሜይል 25 ሜጋባይት ገደብ አላሳልፍ ይላል።

ያደረግሁት ቀላል ነው። ሪፖርቱን ጉግል ዶክስ (ብዙ ሰው አንዱኑ ፋይል ኢንተርኔት ላይ አብሮ የሚያርምበት) ላይ ጫንኩና ለሁሉም አንድ ሊንክ ላክሁ። ለሦስቱ የማረም፣ ለአንዷ አስተያየት ብቻ የመስጠት ፈቃድ ሰጠሁ። ማን ምን እንደቀየረ የፋይሉ የለውጥ ታሪክ ውስጥ ይታያል፤ ከተበላሸም ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል። «ቁጥሩን አየኸው?» ዓይነት ጥያቄ ወደ ቴሌግራም ግሩፓችን ሄደ። ኢሜይል ለደብዳቤ ብቻ ቀረ።

ኔት ሲቆራረጥ ትንሽ አስቸግሮን ነበር። ክሮም ላይ ያለ ኢንተርኔት መሥራት የሚያስችለውን አማራጭ አስቀድመን ስናበራው እሱም ተስተካከለ።