ለኦርኬስትራ የሚሆን የትራምፔት ማውዝፒስ እንዴት እንደሚመረጥ

አዲስ ማውዝፒስ (ትራምፔቱ ጫፍ ላይ የሚሰካው፣ ከንፈር የሚያርፍበት መንፊያ) በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች የማያስደስተው ነፊ ጥቂት ነው። ድምፁ የሰፋ፣ ከፍተኛው ኖታ የቀለለ ይመስላል። ሲምፎኒ ግን አንዳንዴ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ትራምፔት ነፊውም ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ምት ሲቆጥር ይቆይና፣ ከንፈሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት በለሆሳስ ወይም በሙሉ ኃይል እንዲገባ ይጠበቅበታል። ስለዚህ ማውዝፒስ ሲመርጡ የሚያስቡት ስለ መጨረሻው ገጽ ይሁን።

1. አሁን የሚነፉበትን ይወቁ

ከንፈር የሚያርፍበት ቀለበት ጠርዝ ነው። ከሥሩ ጎድጓዳው አለ፤ በጎድጓዳው ወለል ላይ ያለችው ጠባብ ቀዳዳ ጉሮሮ ትባላለች። ከጉሮሮው ጀምሮ፣ ትራምፔቱ ውስጥ እስከሚገባው ጭራ ጫፍ ድረስ እየሰፋ የሚሄደው ደግሞ የኋላ ቦይ ነው።

በላዩ የተቀረጸው ቁጥርና ፊደል ብዙ ሰው ያሳስታል። ብዙዎች የሚያውቁት የቪንሰንት ባክ አቆጣጠር ነው፤ ባክ ቪየና አቅራቢያ ተወልዶ ኒው ዮርክ ውስጥ ማውዝፒስ መሥራት የጀመረ ትራምፔት ነፊ ነበር። በእሱ አቆጣጠር ቁጥሩ ሲያንስ የጠርዙ ውስጣዊ ስፋት ይጨምራል፤ ፊደሉ ከኤ ወደ ኤፍ ሲሄድ የጎድጓዳው ጥልቀት እየቀነሰ ይመጣል። ለጀማሪ የሚሰጠው 7ሲ ውስጣዊ ስፋቱ 16.20 ሚሊሜትር ነው፣ 3ሲ 16.30፣ 1½ሲ ደግሞ 17.00። ሺልኬና ያማሃ የተባሉት አምራቾች ግን በተቃራኒው ይሄዳሉ፦ ቁጥሩ ሲጨምር ስፋቱ ይጨምራል፣ ኤ የሚለው ፊደልም ጥልቀት የሌለውን ያመለክታል። በአንዱ ዘንድ ጥልቅ የሆነው ፊደል በሌላው ዘንድ ለጃዝ ባንድ የሚሆን ጥልቀት የሌለው ጎድጓዳ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሚሊሜትሩም ቢሆን በሁለት ፋብሪካዎች መካከል በትክክል አይነጻጸርም፤ ሁሉም የሚለካው ከጠርዙ በተመሳሳይ ጥልቀት ላይ አይደለምና።

2. ጠርዙን አስቀድመው ይወስኑ

ውስጡ ሰፊ የሆነ ጠርዝ ብዙ ከንፈር እንዲንቀጠቀጥ ያደርጋል፤ ድምፁም ሞላ ይላል። ዋጋው ጉልበት ነው። በሲምፎኒ ኦርኬስትራ የሚነፉ ብዙዎች ከባክ 1ሲ እስከ 1½ሲ አካባቢ ያለውን ስፋት ይመርጣሉ። በዚህ ላይ የአዶልፍ ሄርሴት ተጽዕኖ ቀላል አይደለም፤ ሄርሴት ከ1948 እስከ 2001 (እ.ኤ.አ.) በቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የመጀመሪያው ትራምፔት ነፊ የነበረና ትልቅ ማውዝፒስ የሚጠቀም ሰው ነበር። ብዙ ወጣቶች እሱን ተከትለው ትልቁን ገዙ፤ የእሱን ትንፋሽ ግን መግዛት አይቻልም። በእኔ አመለካከት መለኪያው አንድ ነው፦ ልምምዱ ሊያልቅ ሲል ሳይወጥሩ የሚሸከሙትን ያህል ስፋት ይውሰዱ፣ ከዚያ አይለፉ።

የጠርዙ ውስጠኛ ጫፍ ሾል ያለ ከሆነ የኖታው አነሳስ ጥርት ይላል። የተድበለበለው ከንፈርን አይጎዳም፤ አነሳሱ ግን ሊደበዝዝ ይችላል። ይህን ከንፈርዎ ይፍረድ።

3. ከዚያ ጥልቀቱን

መካከለኛ ወይም ጠለቅ ያለ ጎድጓዳ የትራምፔቱን ድምፅ ከትሮምቦኑና ከሆርኑ ጋር ያዋህደዋል። ጥልቀት የሌለው ድምፁን ያብለጨልጨዋል፣ ለረጅም ከፍተኛ ኖታ ያግዛል፤ ኦርኬስትራ ውስጥ ግን ከሌላው ተነጥሎ ይወጣል። በጣም ጥልቅ ሲሆን ደግሞ ከፍተኞቹ ኖታዎች ወደ ታች መውረድ ይጀምራሉ፤ ቲዩነር (የኖታን ከፍታ የሚለካ መሣሪያ) ላይ አንድን ኖታ በተለያየ ኦክታቭ እየነፉ ያረጋግጡ። ለፒኮሎ ትራምፔት (ለትንሹና ከፍ ያለ ድምፅ ላለው) ብዙዎች ጠርዙ ያው፣ ጎድጓዳው ያነሰ ሌላ ማውዝፒስ ይይዛሉ።

4. ጉሮሮውንና ጭራውን መጨረሻ ላይ

የባክ መደበኛ ጉሮሮ 3.66 ሚሊሜትር ነው። የኦርኬስትራ ነፊዎች ከዚህ ሰፋ ያለውን፣ አንዳንዶችም እስከ 4 ሚሊሜትር የሚጠጋውን ይፈልጋሉ፤ አየር በነፃ ያልፋል፣ ድምፁ ሲጎላ አይጠብም። ለስላሳው አነፋፈስ ግን የበለጠ ቁጥጥር ይጠይቃል። የተሰረሰረ ጉሮሮ ተመልሶ አይጠብምና ያስሰረስራሉ ብለው ካሰቡ ለባለሙያ ይተዉት፣ ያውም ጠርዙና ጥልቀቱ ከተስማማዎት በኋላ።

ጭራው ትራምፔቱ ውስጥ ሲገባ መወላወል የለበትም። በጭራው ጫፍና በትራምፔቱ ቱቦ መነሻ መካከል የሚቀረው ጥቂት ሚሊሜትር ክፍተትም ሲለወጥ አነሳሱና ቃናው ይለወጣል። በጣም ጥሩ የተባለ ማውዝፒስ በእርስዎ መሣሪያ ላይ ብቻ የማይሠራ ከመሰለ መጀመሪያ ይህን ይጠርጥሩ። የጀርመንና የኦስትሪያ ኦርኬስትራዎች የሚጠቀሙበት ባለ ሮታሪ (ተሽከርካሪ) ቫልቭ ትራምፔት ደግሞ ብዙ ጊዜ ለራሱ የተሠራ ማውዝፒስ ይፈልጋል።

5. ፈተናው

ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ይዘው ይቅረቡ። አስር ከደረደሩ ከንፈርዎ ከሦስተኛው በኋላ አይፈርድም። ከአሁኑ በአንድ ነገር ብቻ የሚለያዩ ይሁኑ፤ ጠርዙም ጥልቀቱም ከተለወጠ የትኛው ምን እንዳደረገ አይታወቅም።

በሰፊ ክፍል ውስጥ፣ ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ከሩቅ ይቀመጥ። የትኛውን እንደያዙ አይንገሩት። ራቭል ለኦርኬስትራ ያዘጋጀው የሙሶርግስኪ «ሥዕሎች ከኤግዚቢሽን» የሚከፈተው በብቸኛ ትራምፔት ነው፤ የማህለር አምስተኛ ሲምፎኒም እንዲሁ። የመጀመሪያው የድምፁን ስፋት፣ ሁለተኛው የአነሳሱን ጥራት ያጋልጣል። እየቀያየሩ ይንፏቸው። ለነፊው ጎልቶ የሚሰማው ድምፅ ከሩቅ ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው፤ የሚታመነው የሩቁ ጆሮ ነው። ሰው ካልተገኘ ስልክዎን ከክፍሉ ጥግ አስቀምጠው ይቅረጹ።

አሁን አስር ደቂቃ ምንም ሳይነፉ ይቀመጡና፣ ሳይሞክሩ ሳያሟሙቁ ዝቅ ባለ ኖታ ላይ በለሆሳስ ይግቡ። ደጋግመው ያድርጉት። ኖታው ዘግይቶ ከመጣ ወይም አየር ብቻ ከወጣ፣ ያ ማውዝፒስ የቱንም ያህል ቢያምር ለዚህ ሥራ አይሆንም። ይህን ያለፈውን ይዘው ለሁለት ሳምንት ያህል ከሁለተኛው ትራምፔትና ከትሮምቦኖቹ ጋር በልምምድ ላይ ይንፉበት፤ ኮንሰርት ላይ ግን እስከዚያ ድረስ የድሮውን ይያዙ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለቱን ሲያፈራርቁ አጠገብዎ የሚነፋው ሰው ልዩነት ካልሰማ አዲሱን ይመልሱት።

ልባጡን በተመለከተ ብር የተለመደው ነው። ብር ቆዳቸውን የሚያሳክካቸው ወርቅ የተለበጠውን ይውሰዱ፤ ልባጡ ተልጦ ናሱ በወጣ ማውዝፒስ ግን አይንፉ።