የመጀመሪያ የጠብመንጃ ድምፅ ማፈኛ ስትገዙ

ግራ ጆሮዬ ውስጥ አንድ ፉጨት አለ፤ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ይጎላል። ያተረፍኩት 308 የሚባለውን ትልቅ ጥይት ከሚተኩሰው ጠብመንጃዬ ነው። እዚህ ቴክሳስ የዱር አሳማ ማደን የጀመርኩ ሰሞን፣ ኮሽታ እንዳያመልጠኝ ብዬ ጆሮዬን ሳልሸፍን እተኩስ ነበር። ስለዚህ የአገሬ ልጅ «ማፈኛ ልገዛ ነው፣ ዋጋው የማይጎዳ የቱ ነው?» ሲለኝ ቁጭ ብዬ ነው የማስረዳው።

መጀመሪያ በፊልም ያያችሁትን እርሱት። ማፈኛ ጠብመንጃን ዝም አያሰኝም። የ308 ተኩስ ከ160 ዴሲቤል ያልፋል፤ ጥሩ ማፈኛ ከ140 በታች ሊያወርደው ይችላል። ጥይቱ ራሱ ከድምፅ ስለሚፈጥን አየሩን ሰንጥቆ ሲሄድ የሚያሰማው ጩኸት የትም አይሄድም። እኔ ዛሬም ማፈኛውን ገጥሜ ጆሮዬን እደፍናለሁ።

ሕጉን ሳታውቁ ብር አታውጡ። ካሊፎርኒያ፣ ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲ፣ ኢሊኖይ፣ ማሳቹሴትስና ዋሽንግተን ዲሲ ላላችሁ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ለግለሰብ አይፈቀድም። ቴክሳስና ቨርጂኒያ ይፈቀዳል። በተፈቀደበትም ቢሆን ፈቃድ ካለው ነጋዴ ነው የሚገዛው፤ ፎርም 4 የሚባለው ማመልከቻ ይሞላል፣ የጣት አሻራና ፎቶ ይላካል፣ ኤቲኤፍ (የፌዴራሉ የጦር መሣሪያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) እስኪያጸድቅ ዕቃው ነጋዴው ዘንድ ይቆያል። ከ1934 ጀምሮ የነበረው የ200 ዶላር ቀረጥ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ወዲህ ለማፈኛ ዜሮ ሆኗል፤ ምዝገባው ግን አልቀረም። «የመኪና ፊልትሮ» ወይም «የማጽጃ ዕቃ» እየተባለ በኢንተርኔት በ40 ዶላር የሚሸጠውን ቱቦ አትንኩት። ያልተመዘገበ ማፈኛ መያዝ እስከ 10 ዓመት ያሳስራል፤ ዜግነት ላላገኘ ሰው ደግሞ መዘዙ ከእስር ያልፋል።

አሁን ወደ ምርጫው። የእኔ ትልቁ ስህተት ከ308 ለሚያንሰው ለ5.56 ጥይት ብቻ የተሠራ መግዛቴ ነበር። ያኔ 200 ዶላር ቀረጥ ከፍዬ ዘጠኝ ወር ጠበቅሁ፤ ሲመጣ ለ308ቱ አይሆንም፤ ቀዳዳው ለጥይቱ ይጠባል። ለሁለተኛው እንደገና ከፈልኩ፣ እንደገና ጠበቅሁ። የመጀመሪያችሁ ባለ 30 ካሊበር ይሁን። ለ308ም፣ ለ6.5 ክሪድሞርም፣ ለ5.56ም ያገለግላል። ለትንሹ ጥይት ቀዳዳው ስለሚሰፋ ድምፁ በጥቂት ዴሲቤል ቢጨምር ነው፤ ሁለተኛ ከመግዛት ይሻላል።

ዋጋን በተመለከተ፣ ከ400 እስከ 600 ዶላር ባለው ውስጥ ደህና ዕቃ ይገኛል። ያንኪ ሂል የሚባለው አምራች በዚህ ወገን ከሚታወቁት ነው። በዚህ ዋጋ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ብረት ነው፤ ይከብዳል፣ ግን ይችላል። ታይታኒየም ቀላል ነው፤ ተራራ ለሚወጣ አዳኝ ግሩም ነው፣ ቶሎ ቶሎ ለሚተኩስ ግን አይመከርም፣ ሙቀት ይጎዳዋል። በጠመንጃው ጫፍ ላይ የሚጨመረው ክብደት ሲያነጣጥሩ ይታወቃል። ሱቅ ስትሄዱ በእጃችሁ ያዙት፤ 18 አውንስና 12 አውንስ በወረቀት ላይ ቢቀራረቡም በእጅ ላይ ሌላ ነገር ናቸው።

አገጣጠሙ ላይ ገንዘብ አታባክኑ። በፍጥነት የሚወልቀው ዓይነት ለእያንዳንዱ ጠብመንጃ ተጨማሪ ዕቃ ያስገዛል። እንደ ቪቴ በቀጥታ የሚጠመዘዘው ለጀማሪ ይበቃል። የበርሜላችሁን ጥርስ ግን እወቁ፤ 5.56 አብዛኛውን ጊዜ ½ በ28 (ግማሽ ኢንች ውፍረት፣ በአንድ ኢንች 28 ጥርስ)፣ 308 ደግሞ 5/8 በ24 ነው። ኤአር 15 የሚባለው፣ በጋዝ ኃይል ራሱ የሚጎርስ ጠብመንጃ ያላችሁ ደግሞ ጋዙ ወደ ፊታችሁ እንደሚመለስ ጠብቁ፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ጠብመንጃውም ቶሎ ይቆሽሻል። ለእያንዳንዱ ጥይት በእጅ በሚጎተተው ላይ ይህ ችግር የለም።

አንድ ነገር ግን ሳታደርጉ እንዳትተኩሱ። ጠብመንጃው ባዶ መሆኑን አይታችሁ ማፈኛውን ግጠሙ፤ ከዚያ ለዚሁ የተሠራውን ቀጭን የብረት ዘንግ በበርሜሉ ከኋላ አስገቡና ከጎን ሆናችሁ ጫፉን ተመልከቱ። ዘንጉ ከቀዳዳው መሃል መውጣት አለበት። የአንድ ጓደኛዬ ዘንግ የቀዳዳውን አንድ ጎን ሊነካ ቀረበ፤ ፈትተን ስናይ ጥርሱ ላይ የደረቀ የባሩድ ጥላሸት ነበር። ጠርገን ስንገጥመው መሃል ገባ። ሳናይ ተኩሰን ቢሆን ጥይቱ የማፈኛውን ውስጥ ይቀድደው ነበር። ተኩስ ከተጀመረም በኋላ በየአሥር ጥይቱ አረፍ ብላችሁ፣ አፈሙዙን ከሰው አርቃችሁ፣ መላላቱን በወፍራም ጓንት አረጋግጡ። በባዶ እጅ እንዳትነኩት፤ ቆዳ ይልጣል።

በመጨረሻም ማፈኛ ሲገጠም የጥይቱ ማረፊያ ቦታ ይቀየራል። የእኔ በ100 ያርድ ላይ ሁለት ኢንች ያህል ዝቅ ብሎ መታ። ከአደን በፊት ባለው ቅዳሜ አንድ ፓኬት ጥይት ለዚሁ ይዛችሁ ሂዱና የጠብመንጃችሁን ማነጣጠሪያ መነጽር አስተካክሉ።