የጓደኝነት መዝሙር ለልጆች ስናዘምር የምንሠራቸው ስህተቶች

ጓደኝነትን ያስተምራል የተባለ መዝሙር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በጨዋታው ነው። የልጁ አፍ «እንዋደድ» እያለ እጁ ጓደኛውን ከክቡ የሚገፋ ከሆነ፣ የሚለምደው መግፋቱን ነው። በደብረ ብርሃንም ሆነ በመሐል ሜዳ፣ በደብረ ሲናም ሆነ በሸዋ ሮቢት በኦ ክፍልና በሰፈር ከልጆች ጋር የሚዘምር ሰው በተለይ እነዚህን ቢጠነቀቅ ይበጀዋል።

የተሳሳተውን ማስወጣት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። በወንበር ሽሚያ ጨዋታ ዜማው ሲቆም ወንበር ያጣ ይወጣል፤ ቀድሞ የሚወጣውም አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ ወይም ዓይን አፋሩ ነው። ጓደኛ በጣም የሚያስፈልገው ልጅ ጥግ ተቀምጦ የሌሎቹን ሳቅ ያያል። ማስተካከያው ቀላል ነው፦ የሚቀነሰው መቀመጫው ይሁን፣ ልጁ አይቀነስ። ለ12 ልጆች 6 ቁራጭ ሰሌን ወይም ጀንዲ መሬት ላይ ያንጥፉ። በየዙሩ አንድ እያነሱ 2 እስኪቀር ይቀጥሉ፤ ልጆቹ ተጠጋግተውና ተቃቅፈው ይገቡበታል። በወንበር ግን አይሞክሩት፤ ሦስት ልጅ ሲደራረብበት ይገለበጣል። ተሳስቶ የተያዘ ልጅ ካለም ቅጣቱ ከበሮ መምታት ይሁን። ከበሮ ከሌለ ባዶ ጀሪካን ይበቃል።

ምክር መደርደር

«ጓደኛ ጥሩ ነው፣ ጠብ መጥፎ ነው» የሚል ስንኝ ለአራት ዓመት ልጅ ምንም አያሳየውም። ልጁ የሚያውቀውን ያስገቡለት፦ ብርዱን፣ እሳቱን፣ የገብስ ቆሎውን፣ በጉን። ለምሳሌ አውጪው አንድ ስንኝ ሲል ሌሎቹ እንዲህ ይቀበላሉ፦

ማነው የቀረ? — ጥሩት ይግባ!
ደጅ የተገተረ — ጥሩት ይግባ!
እሳቱ ነዷል — ጥሩት ይግባ!
ቆሎው ተቆልቷል — ጥሩት ይግባ!

አንድ ልጅ ከክቡ ውጭ ይቆማል። በመጨረሻው «ይግባ» ሁለት ልጆች እጃቸውን ለቀው በር ይከፍቱና ያስገቡታል። የቆመችው ሴት ልጅ ከሆነች ተቀባዩ «ጥሯት ትግባ» ይላል። ይህን መለወጥ ልጆቹ ውጭ ያለው ማን እንደሆነ ቀና ብለው እንዲያዩ ያስገድዳቸዋል፤ ስለዚህ ሲሳሳቱ ቶሎ አያርሟቸው፣ እርስ በርስ ይተራረሙ።

መልሱን ማስረዘም

ተቀባዩ የሚለው ከአራት እስከ ስድስት ቀለም (በአንድ ትንፋሽ የሚባል የቃል ቁራጭ፤ «ጥ-ሩት ይግ-ባ» አራት ነው) ቢሆን ይበቃል። ከዚያ ከረዘመ ግጥሙን ያልያዘው ልጅ አፉን ብቻ ያንቀሳቅሳል። የቡሄው «ሆ» ለምን እንደሚሠራ ያስቡ፤ ገና ትናንት ሰፈሩን የተቀላቀለ ልጅም ወዲያው ይገባበታል። ሲያስተምሩ መጀመሪያ ጭብጨባውን በአራት ምት ያስይዙ፣ ቀጥሎ መልሱን፣ ከዚያ ስንኙን። በቀን ሁለት አዲስ ስንኝ ይበቃል። አውጪነቱም ድምፁ ለሚያምረው ልጅ ብቻ አይሰጥ፤ በየአራት ስንኙ አንዲት በትር ከእጅ ወደ እጅ ትለፍ። የሚፈራ ልጅ ከመረጠው ጓደኛ ጋር ሁለት ሆኖ ያውጣ።

ዜማው ቃሉን ሲያጣምመው

ይህን ብዙ ግጥም ጻፊ ይዘነጋዋል። «ጓደኛዬ ይመታል» ላልቶ ሲነገር ጓደኛዬ ተደባዳቢ ነው፤ ጠብቆ ሲነገር ደግሞ ተመቺ። ዜማው የሚጠብቀውን ፊደል አላልቶ ካሳለፈው ልጁ የሚሰማው ሌላ ታሪክ ነው። መድኃኒቱ ዜማ ከማውጣት በፊት ስንኙን እንደ ወሬ ጮክ ብሎ መናገርና በጣት ጠረጴዛ መምታት ነው። የሚጠብቀው ፊደል ምት ላይ ይረፍ። እንቢ ካለ ዜማውን ከማጠማዘዝ ቃሉን መለወጥ ይቀላል።

ደቦና ወንፈልን አንድ አድርጎ መዘመር

የመተባበር መዝሙሮች ደቦ፣ ወንፈል እያሉ ስም ይጠራሉ፤ ልዩነቱን ግን አያሳዩም። ደቦ ባለጉዳዩ ሰው ጠርቶ፣ አብልቶና አጠጥቶ የሚያሠራበት ነው። ወንፈል ብድር አለው፦ ዛሬ እኔ ያንተን ካጨድኩ ነገ አንተ የኔን ታጭዳለህ። ስለዚህ የጨዋታው ቅርጽም መለየት አለበት። ለደቦ አንድ ልጅ መሐል ገብቶ ይጥራ፣ ሌሎቹ ከየአቅጣጫው እየዘመሩ መጥተው ያግዙት፤ ሲጨርሱ እሱ ቆሎ ያዙር። ለወንፈል ሁለት ቡድን ፊት ለፊት ይቁም። አንዱ ሲዘምር ሌላው ተጎንብሶ እንደሚያጭድ ይሁን፣ ከዚያ ይቀያየሩ። መቀያየሩ ከተዘለለ ወንፈሉ ቀረ ማለት ነው፤ ልጆቹ ራሳቸው «ተራችን!» ብለው መጮህ ሲጀምሩ ገብቷቸዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ አጨዳና ውቂያ በየማሳው በሚታይበት ጊዜ ቢያዘምሩት ደግሞ ማብራሪያም አያስፈልገውም።

በአዋቂ ድምፅ መጀመር

ወንድ መምህር በራሱ ወፍራም ድምፅ ከጀመረ ልጆቹ ያጉረመርማሉ ወይም ማውራት ይጀምራሉ፤ በጣም ካቀጠነው ይጮኻሉ። ልጆቹ ሲጫወቱ በሚጣሩበት ድምፅ ይጀምሩ። በደብረ ብርሃን የጠዋት ብርድና ነፋስ ሜዳ ላይ ከማስጮህ ደግሞ ግድግዳ ተጠግቶ ወይም ክፍል ውስጥ መዘመር ይሻላል። የስልክና የስፒከር ሙዚቃ ሲከፈት ልጆቹ መዘመሩን ትተው አድማጭ ስለሚሆኑ፣ ዜማውን ለማስያዝ ያህል አንዴ አሰምተው ይዝጉት።

ስም መዝለል

ስም እየጠሩ ሰላምታ የሚለዋወጡበት መዝሙር ካለ ሁሉም ስም በዚያው ዙር መጠራት አለበት። በደቂቃ 100 ምት ቢሄዱና ለአንድ ልጅ 8 ምት ቢሰጡ፣ 40 ልጅ ከሦስት ደቂቃ ትንሽ በለጠ ጊዜ ይጨርሳል። 16 ምት ካደረጉት ከስድስት ደቂቃ ያልፋል፤ ያኔ ኋላ የቆሙት መጎነታተል ይጀምራሉ። በስም ላይ ቤት የሚመታ ቀልድም አይግባ፤ ልጁ ለዓመታት የሚጠራበት ቅጽል ይሆንበታል። ኦሮምኛ ተናጋሪ ልጆች ባሉበት ክፍል አንዱ የሰላምታ ስንኝ በኦሮምኛ ይሁን፤ ቃሉን የሚያስተምሩትም እነሱ ይሁኑ።

በዓሉን ከመካፈሉ መነጠል

ነሐሴ 13 የቡሄን ጭፈራ መድረክ ላይ አሳይቶ ማጨብጨብ የተለመደ ሆኗል። የጭፈራው ትምህርት ግን ያለው በየደጁ ከተዞረ በኋላ፣ ሙልሙሉ በአንድ ላይ ተሰብስቦ ሲከፋፈል ነው። በትምህርት ቤት ሲደረግም ዳቦ ይኑር፤ የበዓሉ እምነት ተከታይ ላልሆኑ ልጆች በማንኛውም ቀን በተራ የሰፈር መዝሙር ማድረግ ይቻላል። አውጪ የነበረው ልጅ ይቁረስና ያድል፣ የራሱን ድርሻ ግን መጨረሻ ያንሳ። ያን ጊዜ እንዴት እኩል አድርጎ እንደሚቆርስ ያያሉ።